ይፍረስ ወይስ ይቆይ፦ የአንድ የከዚራ ቤት የቅርስነት ግምገማ፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ መነሻ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በዛፍ ጥላ ከተሸፈኑት ቀጥ ያሉ መንገዶች በአንዱ ዳር ያለ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ በረንዳ። አፍርሶ ጂ ፕላስ 4 ለመሥራት ጥያቄ ቀርቧል። የማፍረሻ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱ ታሪካዊ ፋይዳ ይኑረው አይኑረው በማስረጃ መመለስ አለበት። ሥራውን የያዝነው አርክቴክት፣ የቅርስ ባለሙያና ግንበኛ ሆነን ነው። ነገ ተመሳሳይ ቤት የሚገጥመው ሰው እንዲጠቀምበት ልኬቱንም ምክንያቱንም እንጽፋለን።

ስለዚህ ቤት ሁለት ነገር ይባላል። ጎረቤቱ «ከከተማው ጋር እኩል ነው» ይላል። አፍራሹ ወገን ደግሞ «ወዳድቆ አልቋል፣ ምን ቀርቶት» ይላል። የመጀመሪያው ሊጣራ የሚገባ አባባል ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 እዚህ ሲደርስ ስለሆነ፣ ቤቱ የዚያ ዘመን ነው ማለት ከባድ ነገር ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ስለ ፋይዳ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ጥገና ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቅጾች ከፍተናል። አንዱ የፋይዳ ነው፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ በምን ዘዴ፣ ከምን ጋር ይያያዛል፣ ምን ያህሉ ሳይነካ ቆይቷል ይላል። ሌላው ያለበትን ሁኔታ የሚመዘግብ ነው፤ ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ ምስጥ፣ ጣራ። የፋይዳው ቅጽ ተሞልቶ ሳይፈረም የሁኔታው አይከፈትም። ይህን ቅደም ተከተል ያጠበቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። የስንጥቅ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ከተዘረጋ ስለ ታሪክ የሚያወራ ሰው አይገኝም።

ሕጉ ላይ ብዙ አንቆይም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚለካው ለሳይንስ፣ ለታሪክ፣ ለባህል፣ ለሥነ ጥበብና ለእጅ ጥበብ ባለው ዋጋ ነው። ማርጀት ብቻውን አያስመዘግብም፤ አዲስ መምሰልም አያስወጣም። በቅርስነት የተያዘ ቤት ላይ የሚደረግ ጥገናም ቢሆን የቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚሠራ ባልደረባ ከኛ የሚቀለው አንድ ነገር አለው፤ ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ክልሉ የታወቀ ነው፣ የሐረሪ ቤትም ከነደባው (ከመቀመጫ መደቡ) እስከ ግድግዳ ቁም ሳጥኑ ዓይነቱ ተጠንቷል። ከዚራ ላይ ግን እያንዳንዱን ቤት ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ወረቀት

የአሮጌ ቤት ማኅደር አብዛኛውን ጊዜ ከ1967 ወደ ኋላ አይሄድም። በዚያ ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ቤቱ በየትኛው በኩል መግባቱ ራሱ መረጃ ነው። ይኸኛው 140 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የድንጋይ ቤት ሆኖ ሳለ የቀበሌ ነው፣ ሦስት የቤት ቁጥርና ሦስት የኪራይ ውል አለው። ይህ ማለት በተወረሰበት ጊዜ በክፍል በክፍል ይከራይ ነበር፣ አለዚያ ከተወረሰ በኋላ ተከፋፍሏል። የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ አይለይም። ክፍፍሉ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መሆን አለመሆኑን ግን ወለሉ ይለየዋል፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

በማኅደሩ ውስጥ «የተሠራበት ዘመን» በሚለው ሣጥን ላይ 1968 ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚያምን ብዙ ነው። ግን ይህ ቤቱ የተመዘገበበት ዓመት እንጂ የተሠራበት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ቆጠራ የወጣ መዝጋቢ ባዶ ሣጥን ላለመተው የያዘውን ዓመት ይሞላ ነበር። ቀለሙና የእጅ ጽሑፉ ከላይኛው የምዝገባ ቀን ጋር አንድ መሆኑን አይተን «የግንባታ ዘመን ማስረጃ አይሆንም» ብለን ጽፈናል።

ሌሎች ሁለት ምንጮች ተጠይቀዋል። አንደኛው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያስቀመጣቸው የድሮ የአየር ፎቶዎች ናቸው፤ የጣሪያው ቅርጽ በየዘመኑ ሲለወጥ ከላይ ይታያል። ሁለተኛው የባቡር ድርጅቱ ማኅደር ነው። የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ይዞ መሄድ የግድ ነው። ደብዳቤዎቹ ገብተዋል፤ መልስ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፣ ቤቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልኬት

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመርን። ሌዘር ሜትር ለውጭ ልኬት የሚያገለግለው እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ ቀይዋን ነጥብ ታጠፋታለች። የውስጡ ለቀኑ ይቆያል።

ፊቱ 14.60 ሜትር፣ ጥልቀቱ ያለ በረንዳው 9.80፣ በረንዳው 2.40። ከወለል እስከ ኮርኒስ 4.15። ሁሉንም ከአንድ ዜሮ እየተነሣን ነው የለካነው፤ ሜትሩ ከአንዱ ጥግ ተይዞ የበሩና የመስኮቱ ጫፍ በተከታታይ ይነበባል። እያንዳንዱን ለየብቻ ለክቶ መደመር በ10 ክፍት ላይ የ5 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢፈጠር መጨረሻ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያጎድላል ወይም ያተርፋል። በዚህ ሥራ 5 ሴንቲ ሜትር አንድ የግንባታ ዘመን ሊደብቅ ይችላል።

ትልቁ አዳራሽ 5.20 በ4.60 ነው። ማዕዘኑ ልክ ቢሆን ሁለቱም ሰያፍ 6.94 ይሆኑ ነበር፤ የተገኘው 7.03 እና 6.86 ነው። ክፍሉ ተዛብቷል ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር ወለሉን ስናይ ይጠቅመናል።

የግድግዳ ውፍረት ከሁሉም ልኬት በላይ ይናገራል። የፊት፣ የኋላና የምሥራቅ ግድግዳዎች 52 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ የምዕራቡ ክፍል ሦስት ግድግዳዎች 40 ናቸው። አንድ ግንበኛ በአንድ ሥራ ላይ ያለ ምክንያት ውፍረት አይቀይርም። በፕላኑ ላይ ውፍረቱን በቀለም ለያየነው፤ ምዕራቡ ክፍል በኋላ የመጣ ነው የሚል ግምት ያዝን። ግምት ነው፣ ገና ማስረጃ አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ድንጋይና ጭቃ፣ ኖራና ሲሚንቶ

ልስን የምንከፍተው ቀድሞ በተላጠበት ወይም ባበጠበት ቦታ ብቻ ነው፤ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ ከስኬል ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ በፕላኑ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት። አምስት ቦታ ከፍተናል። ቁጥር 3 የምዕራቡ ክፍል ከዋናው ቤት የሚገናኝበት ጥግ ነው። ድንጋዮቹ እርስ በርስ አልተያያዙም። የዋናው ቤት የማዕዘን ድንጋዮች ተጠርበው በቁመት ያበቃሉ፣ አዲሱ ግድግዳ መጥቶ ተጠግቷቸዋል፣ በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አለ። በአንድ ጊዜ የተገነባ ግድግዳ እንዲህ አይገጥምም። ግምቱ ማስረጃ ሆነ።

ቀጥሎ ማያያዣው። አንድ እንክብል ከውስጥ ወጥቶ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል። ጭቃ ከሆነ ይፈርሳል፣ ኖራና ሲሚንቶ ይቆያሉ። የቆየው በሚስማር ይፋቃል፤ ኖራ በቀላሉ ይቦረቦራል፣ ሲሚንቶ ሚስማሩን ያንሸራትታል። ዋናው ቤት ኖራ ነው፣ ምዕራቡ ክፍል ሲሚንቶ።

አቼቶ የማንጠባጠብ ዘዴ በብዙ መመሪያ ውስጥ አለ፤ «ከተፍለቀለቀ ኖራ ነው» ይላል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ያሳስታል። የአካባቢው ተራራ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ የሚመጣው አሸዋም የዚያን ድንጋይ ፍርፋሪ ይይዛል። ስለዚህ ማያያዣው ሲሚንቶም ቢሆን አሸዋው ራሱ ይፍለቀለቃል። እዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው ውሃና ሚስማር ይበቃዋል።

ሲሚንቶ መገኘቱ ዘመን ለመለየት ምን ያህል ይረዳል? በመጠኑ። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው የተቋቋመው፤ ከዚያ በፊት ሲሚንቶ በጅቡቲ በኩል እየገባ ውድ ስለነበር ለተራ ግድግዳ አይባክንም ነበር። ምዕራቡ ክፍል ከ1928 ወዲህ መሆኑ ይበልጥ ያመዝናል፤ የመስኮቶቹ አርኪትራቭ፣ ማለትም ከመስኮቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ፣ በፌሮ የተሠራ አርማታ መሆኑም ያንኑ ይደግፋል። ኖራ ግን ቤቱን የግድ ከ1928 በፊት አያደርገውም። ኖራ ርካሽ ስለሆነ ከዚያም በኋላ ሲሠራበት ቆይቷል።

ሚስማር ሌላ ቦታ ጥሩ ምስክር ነው። ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ሚስማር ለክቡ ሚስማር ቦታ የለቀቀበት ዘመን ስለሚታወቅ። ድሬዳዋ ግን ከተማ የሆነችው ክቡ ሚስማር ገበያውን ከያዘ በኋላ ስለሆነ፣ እዚህ ሚስማር መንቀል ግድግዳ መጉዳት ብቻ ነው። አልነቀልንም።

ረቡዕ፣ የበረንዳው ሐዲዶች

የቤቱ ዋና ጉዳይ እዚህ ነው። በረንዳውን የተሸከሙት ስድስት ምሰሶዎች የባቡር ሐዲድ ናቸው፤ ተቆርጠው በቁማቸው በድንጋይ መሠረት ላይ ቆመዋል። የፊት በሩና የአራቱ መስኮቶች አርኪትራቭም ሐዲድ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በአግድም የተኛ። በብረት መንገድ የተወለደች ከተማ ቤቷን በዚያው ብረት ስትሠራ የሚያሳይ ነው፤ የምንከራከርለትም ለዚህ ነው።

ሐዲድ ከሌላ ተሸካሚ ብረት የሚለየው ወገቡ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተጠቀለለበት ዓመት ከብረቱ ጋር አብሮ ጎልቶ ስለሚወጣ ነው። ችግሩ ቀለም ነው፤ ብዙ እጅ የዘይት ቀለም ሞልቶታል። የሽቦ ብሩሽ አይነካም፣ ጎላ ያለውን ፊደል ይበላዋል። የቀለም ማስለቀቂያ በጨርቅ ተቀብቶ በላስቲክ ተሸፍኖ ጥቂት ሲቆይ በእንጨት ስንጥር ይነሣል። ከዚያ ስስ ወረቀት ተለጥፎ በከሰል ይታሻል። ከስድስቱ በሁለቱ ላይ 1899 ወጣ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኛ 1891 ወይም 1892። በአንዱ ላይ የመጨረሻዋ ቁጥር አልተለየችም፣ የቀሩት ሦስቱ ምልክት በሌለበት በኩል ተቆርጠዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ሐዲዱ 1899 ነው፣ ባቡሩ የደረሰውም በዚያው በፈረንጅ 1902 ነው፣ እንግዲህ ቤቱ ከከተማው ጋር እኩል ነው» ይላል። ዓመቱ የሚነግረን ብረቱ የተሠራበትን እንጂ ቤቱ የተሠራበትን አይደለም። ሐዲድ ወደ ቤት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ መስመሩ ሲዘረጋ የተረፈ አዲስ ብረት ነው፣ ወይ ባቡር ሄዶበት ካለቀ በኋላ ተነቅሎ የተጣለ። ልዩነቱ ብዙ አሥርት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚናገረው ደግሞ የሐዲዱ ራስ፣ መንኮራኩር የሚሄድበት የላይኛው ክፍል ነው።

ካሊፐር ይዘን በየምሰሶው ከወለል 1 ሜትር፣ 1.50 እና 2 ሜትር ላይ ለካን። ያልተነካ ሐዲድ የራሱ ክፍል በሁለቱም ወገን እኩል ይጎብጣል። የኛዎቹ አራቱ በአንድ ወገን ተበልተዋል፤ አንደኛው ጎን ክብነቱን እንደያዘ ነው፣ ሌላው ወደ ታች ቀጥ ብሎ ተፍቋል፣ ከላይ ያለው ከፍታም እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጎድሏል። ዝገት እንዲህ አይበላም፤ ዝገት ሁሉንም ወገን ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ የሚቋጥረውን እግሩን። አንድ ወገን ብቻ የሚበላው የመንኮራኩር ከንፈር ነው፣ ያውም መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ። እግሩ ላይ ደግሞ ሐዲዱን ከታች ካለው አግዳሚ ጋር ሲያያይዝ የነበረው ማሰሪያ በእኩል ርቀት የተወው ጠባሳ አለ። ሁለት ምሰሶዎች ጫፍ ላይ የማገናኛ ብሎን ቀዳዳም ይታያል።

ክብደቱንም ፈተሽነው። የቁራጩ ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር በ0.785 ሲባዛ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ከአርኪትራቮቹ መካከል ጫፉ የሚታየው ቁራጭ፣ ራሱ ያልተበላው፣ 25.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ በሜትር 20 ኪሎ። የተበሉት ምሰሶዎች 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 18.8 ኪሎ። ቀላል ሐዲድ ነው፣ ለአንድ ሜትር ስፋት መስመር የሚሆን።

ስለዚህ፦ ምሰሶዎቹ መጀመሪያ ባቡር ተሸክመዋል፣ ካለቁ በኋላ ነው ቤት የተሸከሙት። ቤቱ ከከተማው ጋር እኩል አይደለም። የጎረቤቱ አባባል በዚህ ወድቋል። ግን ቤቱ የያዘው ነገር አልቀነሰም፤ የመስመሩ የመጀመሪያ ዘመን ብረት፣ የመንኮራኩሩን ፍቅፋቂ እንደያዘ፣ ቆሞ የሚነበብ ሆኖ እዚህ አለ። ለኛ ይህ ከ1895 ማኅተም ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ወለል፣ ቀለም፣ ጣራ

አዳራሹ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ባለ ንድፍ የሲሚንቶ ንጣፍ አለው። በአንድ ወገን 26፣ በሌላው 23፤ በጠቅላላው 598፣ ከእነዚህ ዙሪያውን የሚሄደው የጠርዝ ንድፍ 94። ክፍሉ የተዛባ መሆኑን ከሰያፉ አይተናል። ንጣፉ ግን በመሐል ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ የተዛባው ልዩነት በምሥራቁ ግድግዳ ሥር በሽብልቅ ቅርጽ በተቆረጠ የሲሚንቶ ልስን ተሞልቷል። ንጣፉ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ተለክቶ የገባ ነው።

አዳራሹን ለሁለት የሚከፍለው የብሎኬት ግድግዳ ንጣፉ ላይ ነው የቆመው። በአንድ በኩል የገባው ንድፍ ከግድግዳው ሥር አልፎ በሌላው በኩል ይወጣል፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጣውላ ጠርዝም ሳይቋረጥ በላዩ ያልፋል። ክፍፍሉ ከቤቱ በኋላ መምጣቱ በዚህ አለቀ። ብሎኬት ስለሆነ ቢነሣ ንጣፉን ብዙም ሳይጎዳ ይነሣል። ይህ ለፋይዳው ቅጽ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሊመለስ የሚችል ለውጥ እንደ ጥፋት አይቆጠርም።

ቀለም። በሩ ጀርባና መስኮቱ ጥግ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ከ120 ቁጥር ተጀምሮ በ240፣ በ400፣ በመጨረሻ በ600። ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ቀለበት ይወጣል። በእንጨቱ ላይ ከሥር የመጀመሪያው ግራጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቡናማ ነው። በምዕራቡ ክፍል መስኮቶች ላይ ግራጫው የለም፣ ከአረንጓዴው ይጀምራል። ሁለቱን የግንባታ ዘመኖች የሚለይ ሌላ ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

ጣራ ውስጥ የሚገባው በማለዳ ብቻ ነው፤ ረፋድ ላይ በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ሰው አይቆይም። ጭምብል የግድ ነው፣ የርግብና የሌሊት ወፍ ኩስ አለ። በወራጆቹ ላይ ብቻ ይረገጣል። ዋናው ጣራ እንጨቱ ጤነኛ ነው፣ ምስጥ የገባው ከምዕራቡ ክፍል ጋር በሚገናኝበት ሁለት ወራጅ ላይ ነው፤ ካቻቪቴው 3 ሴንቲ ሜትር ያለ ጉልበት ይገባል። ኮርኒሱ ላይ በነጭ ሸክላ መያዣ የተወጠረ፣ ጨርቅ የለበሰ የተጠማዘዘ የድሮ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፤ ኃይል የለውም፣ ሆኖም ሞካሪ ሳይደረግ እጅ አይነካውም። ከኋላ የተቀጠለው ማድቤት ጣራ ኤተርኒት፣ ማለትም ከሲሚንቶና ከጭረት የተሠራ የጣራ ክዳን ነው። አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አልቆረጥንም፣ አልቦረቦርንም፤ በቅጹ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ዓርብ፣ ሰው መጠየቅ

በመንደሩ የቆዩ አራት ሰዎች ለየብቻ ተጠየቁ፤ በየሚቀናቸው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሌኛ። አንድ ላይ ሲቀመጡ የታላቁ ቃል የሁሉም ቃል ይሆናል። «ቤቱ መቼ ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ የማይረሳ ነገር መሐል አስገብቶ ነው የሚጠየቀው። ጣልያን ሲወጣ ይህ በረንዳ ነበር? ቤት ሲወረስ ማን ይኖርበት ነበር? በ1969 የሶማሊያ ጦር ወደ ከተማው ሲቃረብ የት ተደበቃችሁ? በ1998 ክረምት ደቻቱ ሲሞላ ውሃው እስከዚህ ደረሰ?

አንዲት እማማ የልጅነቷን ስትናገር «ከበረንዳው ብረት ላይ ገመድ አስረን እንዘል ነበር፣ ምዕራቡ ክፍልም ያኔ ነበር» አለች። ዕድሜዋንና ትዳሯን ስናሰላ ምዕራቡ ክፍል ቢያንስ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በፊት ነበር ማለት ነው። ሌላ አዛውንት፣ ለብቻው ተጠይቆ፣ ቤቱ የባቡር ሠራተኛ ይኖርበት እንደነበር ተናገረ። ይህን «በአንድ ምንጭ የተነገረ» ብለን ጻፍነው፤ ከድርጅቱ ማኅደር እስኪመጣ ከዚያ አያልፍም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተጓዝን። ቤት ብቻውን አይመዘንም። በቀኝና በግራ ያሉት ሁለት ቤቶች በረንዳቸው በአንድ መስመር ይሰለፋል፣ የጣሪያ ከፍታቸው ይቀራረባል፣ አንደኛው እንዲሁ የሐዲድ ምሰሶ አለው። መሐለኛው ቢወጣ የቀሩት ሁለቱ እንደ ተነቀለ ጥርስ ጎረቤት ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ነገ የነሱ ፋይዳ ሲመዘንም ነጥባቸው ይወርዳል። ይህን በቁጥር መግለጽ ስለማይቻል ፎቶውን ከመንገዱ ማዶ በአንድ መስመር አንስተን አያይዘናል።

የፋይዳው ቅጽ ተሞልቶ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ የሁኔታው ተከፈተ።

ቅዳሜ፣ ያለበት ሁኔታ

ጠያቂው ያቀረበው መሐንዲስ ሪፖርት ስለ ሦስት ነገር ይላል፦ በደቡብ ምዕራብ ጥግ ስላለ ስንጥቅ፣ ስላዘነበለ የፊት ግድግዳ፣ ከታች ስለሚላጥ ልስን።

ስንጥቁ የሚታየው ዋናው ቤትና ምዕራቡ ክፍል በሚገናኙበት፣ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ነው። ያልተያያዙ ግድግዳዎች መለያየታቸው መዋቅሩ ደከመ ማለት አይደለም። በላዩ ያለው አሸንዳ ተቆርጧል፣ ውሃው ሁሉ በዚያ ጥግ መሠረት ላይ ይወርዳል። ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ የጀሶ እብጠት ተደርጎ ቀን ተጽፎበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ካልተሰነጠቀ ድሮ ያበቃ ነው።

የፊት ግድግዳው በቱምቢ ሲለካ በ4 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘነብላል። 52 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ግድግዳ ነው። የክብደቱ መሐል ከመካከለኛው አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ከ17 ሴንቲ ሜትሩ ውስጥ፣ አልወጣም። «ለመውደቅ የተቃረበ» የሚለው ቃል በልኬት አይደገፍም።

ልስኑ የሚላጠው እስከ 1.20 ከፍታ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ጨው ይዞ ይመጣል፤ በኖራ ልስን በኩል ይተን ነበር፣ ሲሚንቶው ሲዘጋበት ጨው ከጀርባው ተጠራቅሞ ድንጋዩን እንደ ዱቄት ያደርገዋል። መፍትሔው ሲሚንቶውን አንሥቶ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቆ በኖራ መለሰን ነው። ሌላ ሲሚንቶ መጨመር ያባብሰዋል፤ በዚህ ከተማ በየቤቱ የሚሠራው ግን ያ ነው፣ ያሳዝናል።

የመጨረሻ ሐሳብ

ቤቱን እንደ አንድ ነገር አልመዘንነውም። ዋናው ቤትና በረንዳው ከፍተኛ ፋይዳ አላቸው፤ በሥራ ዘዴ፣ ከባቡሩ ታሪክ ጋር ባለ ቁሳዊ ትስስር፣ ከመንገዱ ጋር ባለ ስብስብነት፣ ሳይነካ በመቆየት። ምዕራቡ ክፍል መካከለኛ ነው፤ የቤቱን እድገት ያሳያል፣ ውስጡ ቢለወጥ ግን የሚጠፋው ትንሽ ነው። የብሎኬት ክፍልፍሎችና የኋላው ማድቤት ፋይዳ የላቸውም። ስለዚህ ሙሉ የማፍረሻ ፈቃድ አይሰጥ፣ ለኋላው ብቻ ከፊል ፈቃድ ይሰጥ፣ አዲሱ ሕንፃም በግቢው ጀርባ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 4 ሜትር ርቆ ይታቀድ ብለናል። ከድርጅቱ ማኅደር የሚመጣው መልስ የነዋሪውን ታሪክ ይጨምር ይሆናል፤ በሌለበትም ውሳኔው በራሱ ይቆማል።

ለሥራ ተቋራጩ የተያያዘው ትእዛዝ ይህ ነው። ከዋናው ግድግዳ 3 ሜትር ውስጥ ኤክስካቫተር አይገባም፣ በእጅ ነው የሚፈርሰው። መጀመሪያ የማድቤቱ ጣራ ከዋናው ጣራ ይለያል፤ ተያይዘው ሳለ ግድግዳው ቢወድቅ ወራጁ ዋናውን ይጎትታል። ኤተርኒቱ በውሃ ረጥቦ፣ ብሎኑ ተፈትቶ፣ ሳይሰበር ወርዶ በሁለት ድርብ ላስቲክ ይታሸጋል። የብሎኬት ክፍልፍሉ ከላይ ወደ ታች በመሮ ይነሣል፣ ወለሉ ላይ ጣውላና ጆንያ ይነጠፋል። በሱ ሥር ያለ ንጣፍ ቢላቀቅ መሮው በመገጣጠሚያው ሳይሆን ከታች በአልጋው በኩል አግድም ይገባል፤ የኖራ አልጋ ስለሆነ ይለቅቃል። ጀርባው ላይ የረድፍና የተራ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይቀመጣል።

ሐዲዶቹ ላይ ምንም ነገር አይበየድም። የድሮ ሐዲድ ብረት ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ለጊዜው ድጋፍ የሚያስፈልግ ከሆነ በብሎን የሚጠብቅ ማቀፊያ፣ በመካከሉ ጎማ ተደርጎ። ዓመቱ የታየባቸው ሁለት ምሰሶዎች ወገባቸው ቀለም እንዳይቀባ ሰም ብቻ ተደርጎባቸዋል፤ አሸንዳው ሰኞ ይጠገናል፣ ጀሶው የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው።